ጓንት የበላው እጅ

ከዲላ ልወጣ በዋዜማው ምሽት ዝናብ ነበር። ዝናቡ አይገርምም፤ ዲላ ላይ ዝናብ ቢቀር ነው የሚገርመው። የገረመኝ የሰዉ ብዛት ነው። ከገበያው ጀርባ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ የጸሎት ቡድናችን ሴቶች፣ ከጨለለቅቱ በሞተር የወረዱት አባቴና እናቴ፣ ታናሽ እህቴ መሲ፣ የምሠራበት ጸጉር ቤት ባለቤት፣ ሁሉም አልጋውም መሬቱም ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ለሻንጣዬ ቦታ ስለጠፋ እናቴ ታቅፋው ቁጭ አለች። ሻንጣ እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

የቡድኑ መሪ ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ መውጣቷንና መግባቷን ጠብቅ፣ የእጇን ሥራ ባርክ» ሲሉ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከእጄ በቀር ይዤው የምሄድ ሀብት አልነበረኝማ። በልጅነቴ ቡና ሲደርስ ከእናቴ ጋር ሬኮ ቡና ማጠቢያው ድረስ በእግር ሄደን፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ስንለቅም እንውል ነበር። የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የበላውን እየለየሁ ሳወጣ ሰዎች «የዚች ልጅ ጣት ዓይን አለው» ይሉኝ ነበር። ኋላ ዲላ ወርጄ ጸጉር ቤት ሹሩባ መሥራት ጀመርኩ። ከዚያ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጥፍር ማሠራት ፋሽን ሆነና እሱንም ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩ። ዱባይ ያለች አንዲት የሳሎን ባለቤት ጥፍር ሠሪ ትፈልጋለች ሲሉኝ፣ የላክሁላት የሠራኋቸውን ጥፍሮች ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶዬን እንኳ አልጠየቀችም።

አባቴ አማርኛን የተማረው ከገበያ ነው። በሱ አማርኛ ውስጥ ሴት የለችም፤ ሁላችንም ወንድ ነን። በጌዲኦኛ ሲያወራ አፉ እንደ ሽማግሌ ይጣፍጣል፤ ያን ዕለት ግን ቋንቋውን የማይሰማ እንግዳ ስለነበረ በአማርኛ መናገር ፈለገ። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጄ፣ ሂድ በሰላም። ሰው ቶሎ አትመን። ብላ። ካልበላህ ትታመማለህ» አለኝ። መሲ ሳቋን ለመያዝ ነጠላዋን ነከሰች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ሊነጋጋ ሲል ሚኒባሱ መጣ። የኋላውን መስኮት በእጄ እየወለወልኩ አየሁ፤ እንሰቱ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው ቡና፣ ከጭቃ ላይ ጀሪካን ይዘው የሚወጡ ሴቶች። እርጥብ አረንጓዴ ማለት ምን እንደሆነ ሰው የሚያውቀው ከሱ ከራቀ በኋላ ነው፤ ያኔማ እየታየኝ የነበረው ጭቃው ብቻ ነው።

ዱባይ አየር ማረፊያ ስደርስ አንዱ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ቦርሳዬን አስከፈተኝ። እናቴ በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችልኝን ወሳ፣ እናንተ ቆጮ የምትሉትን ማለቴ ነው፣ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣው።

«ምንድን ነው?»

«ምግብ።»

አሸተተው። ፊቱ ተጨማደደ። «አይብ ነው? ከምን እንስሳ?»

«ከእንስሳ አይደለም። ከተክል ግንድ ነው። ተፍቆ፣ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ከርሞ ይወጣል።»

«ትቀብሩታላችሁ?»

«አዎ።»

«ከዚያ ታወጡትና ትበሉታላችሁ?»

«አዎ።»

ጓደኛውን ጠርቶ አሸተተው። ጓደኛውም ሌላ ጠራ። ተሰብስበው ተያዩና መጀመሪያ የያዘው ሰው መልሶ ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቀው። «ውሰጂው፣ ውሰጂው» አለኝ፤ አደገኛ ነገር እንደሚገላገል። ሽታው አዳነው። በዚያች ሀገር የሀገሬ ነገር ተንቆ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከበሩ ስወጣ ሙቀቱ ደረቴን ገፋኝ። የሚፈላ ድስት ከፍታችሁ እንፋሎቱ ፊታችሁን ሲመታችሁ ወደ ኋላ ታፈገፍጋላችሁ አይደል? እዚያ ማፈግፈጊያ የለም፤ ድስቱ ውስጥ ነው የምትኖሩት።

ሳሎኑ ዴይራ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ነበር። ማዳም፣ ማለትም ባለቤቷ፣ ስሜን ሁለት ጊዜ ሞክራ አቃታት። «ታደ... ታዳ... አይ፣ አንቺ ቲና ነሽ» አለችኝ። ታደለች ብሎ ስም ያወጣልኝ አባቴ ይህን አልሰማም፤ አልነገርኩትም። ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የፊሊፒንሷ የጆይ ነበር። ጆይ ጨዋና ቀልደኛ ሴት ናት፤ የማላውቀውን ሁሉ ያሳየችኝ እሷ ናት። ጄል የሚባለውን የጥፍር ቀለም ቀብቶ መብራት ውስጥ ማድረቅ፣ አክሬሊክ የሚባለውን ዱቄት ከፈሳሽ ጋር እያዋሃዱ ጥፍር ማስረዘም፣ የቆየውን በማሽን ሞርዶ ማንሣት። ሲሞረድ የሚነሣው ብናኝ እንደ ቡላ ዱቄት ነጭና ስስ ነው፤ ቅንድባችን ላይ ሁሉ ያርፋል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። ጓንት፣ ማስክ፣ ከእያንዳንዱ ደንበኛ በፊት ሳኒታይዘር፤ ከሥሩ «ለደንበኞቻችን ደኅንነት» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ንጽሕና የሚያውቁ ሰዎች ዘንድ መጣሁ ብዬ ለመሲ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት። የደንበኞቻችን እንጂ የሠራተኞቻችን እንደማይል ልብ ያልኩት ቆይቶ ነው።

አልዋሽም፣ መጀመሪያው ጥሩ ነበር። ሥራውን ወደድኩት። አውራ ጣት ላይ አምስት ቅጠል ያላት ነጭ አበባ እሥል ነበር፤ የቡና አበባ ናት። ምን እንደሆነች ደንበኞቹ አያውቁም፤ ግን «ያቺን የቲናን አበባ» እያሉ ይጠይቁ ጀመር። ማዳም ከሌላው በፊት እኔን ትጠራለች። ለአባቴ የቤቱን ቆርቆሮ አስቀየርኩለት፤ መሲም በምልክላት ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ በሰላም ጨረሰች። ሰው ምን ይፈልጋል?

ከዚያ እጄን ይበላኝ ጀመር።

መጀመሪያ የጣቶቼ ጫፍ ላይ ነው፤ ትንኝ የነከሰችኝ ይመስል። ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ውሃ ቋጠረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ በበጋ የደረቀ የሸክላ አፈር ይመስላል፤ ሳኒታይዘሩ በገባበት ቁጥር ደግሞ ነፍሴ ትወጣለች። ጓንቱን ሳወልቅ ቀይ መሥመር የእጅ አንጓዬን ዞሮ ይገኛል፤ ጓንቱ ልክ እስከደረሰበት ድረስ። እናቴ ስትደውል «ጓንቱ እየበላኝ ነው» አልኳት። ሳቀች። «ኧረ ልጄ፣ ጓንት ይለበሳል እንጂ ይበላል እንዴ?» አለችኝ። ቀልድ መስሏት ነው።

ለማዳም ነገርኳት።

«ጓንት አላደረግሽም ማለት ነው» አለች።

«አድርጌያለሁ። ጓንቱ ራሱ ነው የሚያሳክከኝ።»

«ጓንት መከላከያ ነው። መከላከያ እንዴት ያማል? በይ ሁለት ደርቢ።»

ሁለት ደረብሁ። እጄ ሁለት እጥፍ ባሰው፤ አንዱ ጥፍሬም ከሥሩ ተነሣ። ጆይን ስጠይቃት ግራ ቀኝ አይታ የራሷን ጓንት ሳብ አደረገችልኝ። ጣቶቿ በሙሉ በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ሁለት ጥፍሮቿ ከሥራቸው ተነሥተው እንደ ልል ክዳን ይንቀሳቀሳሉ። ያቺ ስትስቅ የምትውል ሴት!

«ሐኪም አይተሽዋል?» አልኳት።

«ለምን ብዬ?» አለችኝ። «ሐኪም ስሙን ይነግርሻል። ስሙን ካወቅሽው ሥራሽን ታጫለሽ። ስም የሌለው ሲሆን ግን እከክ ብቻ ነው።»

አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ዓይኖቼ አልገለጥ አሉ። የዓይኔ ቆቦች አብጠው እንደ ዳቦ ተነፍተዋል። ብናኙ ነው ለካ፤ ጓንት ለእጅ ይሠራል፣ ማስክ ለአፍ ይሠራል፣ ለዓይን ቆብ ማንም ምንም አላሰበም። እንደዚያው ሆኜ ሄድኩ። አንዲት ደንበኛ አየችኝና እጇን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። ያ እጅ ሲሰበሰብ አሁንም ይታየኛል። ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። አሻራ የሚሰጥበት መሥኮት ላይ አንድ ወጣት ተቀምጧል፤ ጸጉሩ የተበጠረ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጠራ።

«አውራ ጣት» አለኝ። ጫንኩ። ማሽኑ ጮኸ።

«ሌላኛው።» ጫንኩ። ጮኸ።

«አራቱን በአንድ ላይ።» ጮኸ።

ወጣቱ ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። «ጣትሽ የት ነው?»

«ይኸው፣ ጌታዬ። ሁሉም እዚህ አሉ።»

«ማሽኑ የሉም ይላል።»

«ማሽኑ ይሳሳታል።»

«ማሽኑ አይሳሳትም። አሻራሽን ፍቀሽው ነው? ወንጀል አለብሽ?»

«ወንጀል ቢኖርብኝ ተሰልፌ አንተ ዘንድ እመጣለሁ?»

ትንሽ ፈገግ አለ፤ ክፉ ልጅ አልነበረም። «ምናልባት ቆሽሾ ይሆናል» ብሎ በአልኮል የራሰ ሶፍት ሰጠኝ። «በደንብ ጥረጊው።» ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉም ያየኛል፤ ጠረግሁት። አልኮሉ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ እንባዬ ያለ ፈቃዴ ወረደ።

«አታልቅሺ» አለኝ በማጽናናት ድምፅ። «አሻራ እኮ ነው፣ ምንም አያምም።»

ማሽኑ እንደገና ጮኸ። በመጨረሻ፣ ጣቶቿ በሽታ አለባቸው የሚል የቆዳ ሐኪም ምስክርነት ካላመጣሁ ጉዳዬ እንደማይቀጥል ነገረኝ። ስለዚህ ጆይ የፈራችውን ነገር ልሠራ ግድ ሆነ፤ ስሙን ልጠይቅ ሄድኩ።

ሐኪሟ ዶክተር ሳሚያ ትባላለች፤ ሱዳናዊት ናት፣ ከካርቱም በጦርነቱ የተሰደደች። ስታወራ ስለምታዘግም የኔ የሳሎን አረብኛ ይደርስባታል። እጄን ስታይ አፍንጫዋን አልነፋችም፣ አልራቀችም፤ ባዶ እጇን ዘርግታ ያዘችው። ከስንት ጊዜ በኋላ እጄን ያለ ጓንት የያዘው የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ያን ጊዜ ነው ደግሞ የምር ያለቀስኩት።

የጥፍር ሠሪዎችን ቆዳ እንደምታጠና ነገረችኝ። ጥናቷ ውስጥ ለመግባት ከፈቀድኩ ምርመራው በነፃ ነው፤ እጄም ፎቶ ይነሣል። «ፊትሽ አይታይም፣ ስምሽም አይጻፍም» አለችኝ። ስሜንማ ከተቀማሁ ቆየሁ አልኩ በልቤ። ፈቀድኩ።

ምርመራው እንዲህ ነው፤ ጀርባዬ ላይ በተርታ ትናንሽ ክቦችን በፕላስተር ለጠፈች። በየክቡ ውስጥ የአንድ ነገር ጠብታ አለ፤ ሽቶ፣ ብረት፣ ከጎማ የሚገኝ ነገር፣ ከጄሉ የሚገኝ ነገር። ቆዳዬ የትኛውን እንደሚጠላ ራሱ ይናገራል ማለት ነው። ፕላስተሩ እስኪነሣ ጀርባ አይታጠብም፣ ላብም አይፈቀድም። በዱባይ ሙቀት ላብ እንዳያልበኝ! እያሳከከኝ በሆዴ ተኛሁ።

ውጤቱን የምታነብበት ቀን በስልኳ ጀርባዬን ፎቶ አንሥታ አሳየችኝ። ሁለት ቦታ ላይ ቆዳዬ ቀልቶ አብጦ ነበር።

«ይሄ ጄሉና አክሬሊኩ ውስጥ ያለው ነገር ነው» አለች። «ሳይደርቅ ቆዳ ሲነካ ሰውነትሽ ጠላት ነው ብሎ ይይዘዋል። አንዴ ከያዘው አይረሳም። ይሄኛው ደግሞ ጓንት ሲሠራ የሚገባ ኬሚካል ነው።»

«ጓንት አደርግ ነበር እኮ።»

«ስስ ጓንት ጄሉን አያቆመውም፤ ወዲያው ያሳልፈዋል። ከውስጥ ላብ አለ፣ ከውጭ ጄል አለ፤ መሀል ላይ አንቺ አለሽ።»

«እንግዲያው ጓንቱን ብተወውስ?»

«ይብሳል።»

«ባደርገውስ?»

«ይብሳል።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ተወችው። «ታደለች፣» አለችኝ፤ ስሜን ጠይቃኝ ነበር፣ አስተካክላም ትጠራዋለች፤ «መድኃኒቱ እጅሽን ያድነዋል። ወደ ጠረጴዛው ስትመለሺ ግን ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ ጥርስሽን ስታስሞዪ እንኳ ይህን ለሐኪሙ ንገሪ፣ ተመሳሳይ ነገር እዚያም አለ። ዕድሜ ልክሽን።»

ዕድሜ ልክ የሚለውን ቃል ለእስራት ሲባል ብቻ ነበር የማውቀው።

ወረቀቱን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ማደሪያዬ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴት ነን፤ አልጋ የምታከራየን እትዬ አልማዝ የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ናት። በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ታዱዬ፣ እኔ ምንም አላልኩም፤ ሴቶቹ ናቸው ያሉት።»

«ምን አሉ?»

«ፍሪጁን ባትነኪው ይሻላል አሉ።»

«ፍሪጁ ምን ሆነ?»

«ፍሪጁማ ደህና ነው የኔ እናት። አንቺ ነሽ እንጂ ደህና ያልሆንሽው።»

«እትዬ፣ ይሄ አይተላለፍም። ሐኪም አይቶኛል።»

«እኔ አምንሻለሁ። ወንድሜም እንዲህ ሆኖ ያውቃል፤ ሞተ እንጂ። ወረቀት አለሽ?»

ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እንግሊዝኛውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው፤ ያነበበችው አልመሰለኝም። ማኅተሙን ግን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ፎቶ ኮፒ አስደርጋ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው፣ ከሩዝ ዋጋ ማስታወቂያ አጠገብ። አምስቱ ሴቶች ወተት ሊያወጡ በሄዱ ቁጥር የኔን ቆዳ ያነባሉ። ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ተፈቀደልኝ፤ ታችኛው መደርደሪያ።

ማዳም ግን ለፈቃዱ እድሳት የሰጠኋትን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ የምመልሰው ነበረኝ። «አዝናለሁ ቲና» አለች። «ደንበኞች እጅሽን ያያሉ። ደግሞ ሐኪም እዚህ መሥራት የለብሽም ካለ፣ እኔ ባሠራሽ ጥፋተኛ እኔ ነኝ።» አያችሁ? ሐኪሟ እኔን ለማዳን የጻፈችውን ማዳም ራሷን ለማዳን ተጠቀመችበት። ፈቃዴ በሳሎኑ ስም ነው፤ እሱ ሲሰረዝ ሌላ ሥራ ካላገኘሁ ከሀገሩ መውጣት ነው። ዕቃዬን ስሰበስብ ጆይ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። እያለፍኩ ትከሻዋን ነካሁ። በጓንት እጇ እጄን ያዘችና «ነግሬሽ ነበር» አለችኝ፤ ለመውቀስ አይደለም፣ እያለቀሰች ነው።

ሥራ ፍለጋ ስዞር ዶክተር ሳሚያ ደወለችልኝ። ጥናቷን የቆዳ ሐኪሞች ስብሰባ ላይ ልታቀርብ ነው። «ፎቶው ያንቺ ነው፤ ልታዪው መብትሽ ነው» አለችኝ። ከመሲ ጋር ዲላ ገበያ የገዛኋትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ትልቅ ሆቴል ነው፤ አዳራሹ እንደ ደጋው እንደ ቡሌ ብርድ ይቆረጥማል፣ ደጁ እሳት ነው። ከኋላ ጥግ ተቀመጥኩ።

መብራቱ ደብዘዝ አለና እጄ ግድግዳውን ሞላው። የኔ እጅ። ስንጥቁ እንደ ወንዝ ሰፍቶ፣ የተነሣው ጥፍሬ እንደ በር ገርበብ ብሎ። ሰዎቹ ዝም ብለው ያያሉ፤ አንዳንዶቹ በስልካቸው ያነሡታል። አጠገቤ ያለችው ሐኪም ማስታወሻ ስትጽፍ ጥፍሯን አየሁት፤ ሐምራዊ ጄል፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ ጥሩ እጅ የሠራው። ሳልፈልግ አደነቅሁት።

እንግሊዝኛው በከፊል ይገባኛል። ዶክተር ሳሚያ ስለ ጓንቱ፣ ስለ ብናኙ፣ ስለ ሳኒታይዘሩ ተናገረች፤ እውነቱን ነው የተናገረችው፣ አንድም አልጨመረችም። መጨረሻ ላይ ከፎቶው ሥር አንዲት መሥመር መጣች፤ ታካሚዋ ሥራ እንድትቀይር ተመክራለች። ከዚያ እጄ ጠፋ፤ የሌላ ሰው እግር መጣ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ቆዳው ለመዳን ምን ያህል እንደፈጀበት ጠየቁ፤ ተመለሰላቸው፤ አመሰገኑ። ሌላ ጥያቄ የለም ተባለ።

በእረፍቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ወጣት ሐኪም ባዶ ስኒውን ዘረጋልኝ፤ አስተናጋጅ መስዬው ነው። ተቀበልኩት። ምን ላድርግ? ስኒውን እንደያዝኩ ዶክተር ሳሚያ መጣች፣ አየችው፣ ከእጄ ወስዳ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«እንዴት አየሽው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሥራ እንድትቀይር ተመክራለች ይላል። ወደ ምን?»

«እሱ ጥናቱ ውስጥ የለም» አለች።

«አውቃለሁ። አንቺን ነው የምጠይቅሽ።»

«አላውቅም ታደለች። እኔ ራሴ ካርቱም ላይ የራሴ ክሊኒክ ነበረኝ። እዚህ በሰው ክሊኒክ በኮንትራት ነኝ። የሚመክር ሰው ሞልቷል፤ ወደ ምን የሚለውን ግን ለኔም የነገረኝ የለም።»

ልቆጣት መጥቼ ነበር፤ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ። እዚያው ቆመን ሁለታችንም ሰው በሌለበት አቅጣጫ አየን።

ሥራውን ያገኘልኝ የማላውቀው ሰው ነው፤ የጸሎት ቡድን ወንድም ለሌላ ወንድም ነግሮ። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ነኝ፤ ሕፃናቱን አሳፍሬ፣ ቀበቶ አስሬ፣ አውርጄ አስረክባለሁ። እጄ ድኗል። አሻራዬም ተመልሷል፤ ማሽኑ እኔ እኔ መሆኔን አምኗል። እጄን ካያችሁት ምንም የደረሰበት አይመስላችሁም። ብሩሽ ግን አልነካም። አንዳንድ ጊዜ ከሕፃናቱ አንዷ ጣቷን ዘርግታ «እዚህ ላይ በእስክርቢቶ አበባ ሣዪልኝ» ትለኛለች። እሥልላታለሁ። ከዚያ በላይ ያለውን ባልናገረው ይሻላል።

ባለፈው ቅዳሜ እረፍቴ ነበር፤ ወደ ቤት ደወልኩ። እናቴ ለገበያ ወርዳ ዲላ መሲ ዘንድ አድራለች። መሲ አካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ሳታገኝ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ስልኩን ስታነሣ ድምፅዋ ይዘላል።

«ታዱ! ሥራ አገኘሁ! ዩኒቨርሲቲው በር ጋ አዲስ ጥፍር ቤት ተከፍቷል፤ ያንቺ እህት መሆኔን ሲሰሙ ወዲያው ተቀበሉኝ። ጓንትም ማስክም አላቸው፣ በጣም ፕሮፌሽናል ናቸው!»

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሣሁ። ሁሉንም ነገርኳት። እስከዛሬ እንዳትሰጋ ብዬ የደበቅኋትን ሁሉ፤ ስንጥቁን፣ ዓይኔን፣ ጓንቱን፣ ዕድሜ ልክ የሚለውን። ያኔ የተነሣውን ፎቶ ላክሁላት። ሲደርሳት የስልኳ ድምፅ ተሰማኝ።

«መሲዬ፣ አየሽው?»

«አየሁት።»

«እሺ?»

«እሺ ምን?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ታዱ፣ ያንቺ እጅ የተጎዳው ሠርቶ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ ያንቺ ነው፣ የኔ ትምህርት ያንቺ ነው። የኔን እጅ እዪው፣ ደህና ነው። ለስላሳ ነው። ዲግሪ ይዞ ዓመት ሙሉ ሳህን ሲያጥብ ነው የዋለው። ተዪው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ግን ወደ ምን ልሂድ?»

በስልኩ የበሩ ድምፅ ተሰማ፣ ሰው ወጣ፣ ዝናቡ ቀረብ ብሎ ተሰማኝ፣ ከዚያ እናቴ መጣች።

«ምን ብለሻት ነው ልጅቷ ፊቷ እንዲህ የሆነው?»

«የት ሄደች እማዬ?»

«ወደ ሥራዋ ነዋ! ዛሬ እኮ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ጠዋት ሁላችንም ጸልየን... ታዱ? ሃሎ? ሃሎ ልጄ? አይ፣ ኔትወርኩ ሄደ መሰለኝ።»

ኔትወርኩ አልሄደም ነበር።